ሳንባችን ገና እየተሠራ ነው

በሁለተኛው ሴሚስተር አንድ ቀን ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ማግኔት ሳስተምር፣ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ኤም.አር.አይ አእምሮንም፣ አከርካሪንም፣ ጉልበትንም ያሳያል ብለውናል። ታዲያ አያቴ ሳንባዋን ስትታመም ለምን ራጅና ሲቲ ስካን ብቻ አነሷት?» አለችኝ።

እኔም «ሳንባ ውስጡ አየር ስለሆነ አይታይም» ብዬ በአጭሩ መለስኩ። ደግነቱ ደወሉ ተደወለ። ልጅቷ ግን ደብተሯን ስትሰበስብ ፊቷ ላይ ያየሁት እርካታ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልረካሁም። አስተማሪ «አይታይም» ብሎ ሲዘጋ፣ ሌላ ቦታ ያለ ሰው «እንዴት አድርገን እንየው?» ብሎ ዕድሜውን እየፈጀበት ሊሆን ይችላል። ያን ሳምንት ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። እንደጠረጠርኩትም ሆነ፤ «አይታይም» ያልኩትን ነገር ለማየት ከሠላሳ ዓመት በላይ የተደከመበት ምርምር አለ።

ይህን ጽሑፍ ለዓመት መጽሔታችን የምጽፈው ለዚያች ተማሪ የተበደርኩትን መልስ ለመክፈል ነው። ነገር ግን እያነበብኩ ስሄድ ነገሩ ከፊዚክስ አልፎ የትምህርት ቤታችንን በር፣ የአዳራሻችንን ከሰልና የመድኃኒት ቁም ሣጥናችንን ቁልፍ ሲነካ አገኘሁት። ስለዚህ መልሱን ብቻ ሳይሆን አቋሜንም እጽፋለሁ። ወላጆች፣ ተማሪዎችና ባልደረቦቼ ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ማግኔቱ የሚያዳምጠው ውኃን ነው

የኤም.አር.አይ ስሙ ቢከብድም ሐሳቡ ከክፍላችን ትምህርት ብዙ አይርቅም። ገላችን በአብዛኛው ውኃ ነው፤ በእያንዳንዱ የውኃ ሞለኪውል ውስጥ ሁለት የሃይድሮጅን አተሞች አሉ። የሃይድሮጅን አተም እምብርት እንደ ኢምንት ማግኔት ነው። ሰው ግዙፍ ማግኔት ውስጥ ገብቶ ሲተኛ እነዚህ ኢምንት ማግኔቶች ከትልቁ ማግኔት ጋር መሰለፍ ይጀምራሉ። መሣሪያው የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ሰልፋቸውን ያናጋል፤ እነሱም ወደ ሰልፋቸው ሲመለሱ ደካማ የሬዲዮ ምልክት ይሰጣሉ። ኮምፒዩተር ያን ምልክት ከየት እንደመጣ ለይቶ ሥዕል ያደርገዋል። አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር በዚህ መንገድ የተሠራ የመጀመሪያ ምስል ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እሱና እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ለዚህ ሥራቸው በ2003 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

የዛሬዎቹ የሆስፒታል መሣሪያዎች ብዙዎቹ 1.5 ቴስላ ጉልበት ያለው ማግኔት አላቸው። ይህ የመሬት ማግኔት ኮምፓሳችንን ከሚያዞርበት ጉልበት ወደ 30,000 እጥፍ ገደማ ነው። ትልቁ በጎ ጎኑ ደግሞ እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ሴልን ሊጎዳ የሚችል ጨረር አለመጠቀሙ ነው። አንድ ጊዜ ራጅ መነሳት የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሳንባውን የሚያም፣ በየጊዜው መታየት ያለበት ልጅ ሲሆን ጨረር የሌለበት መንገድ ዋጋው ከፍ ይላል።

ታዲያ ሳንባ ለምን አስቸገረ? ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሳንባ በአብዛኛው አየር ነው። ማግኔቱ የሚያዳምጠው ውኃን ስለሆነ፣ ውኃ በጥቂቱ ባለበት የሚሰማውም ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ አየርና ሥጋ በሚገናኙበት ወሰን ሁሉ የማግኔቱ መስክ በጥቂቱ ይዛባል። ሳንባ ደግሞ ሁለመናው ወሰን ነው፤ ስለዚህ ምልክቱ በ1.5 ቴስላ መሣሪያ ውስጥ በአንድና በሁለት ሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ ሳንባ አይቆምም። እንተነፍሳለን፤ ልባችንም አጠገቡ ይመታል። የሚሮጥ ልጅ ፎቶ ሲነሳ እንደሚደበዝዝ ሁሉ የሳንባም ምስል ይደበዝዛል። ስለዚህ ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ ፈጽሞ ውሸት አልነበረም፤ ግማሹ ግን ጎድሎት ነበር።

የማይታየውን አየር ማብራት

ቀሪው ግማሽ የሚጀምረው «ሥጋው ካልታየ አየሩን ለምን አናይም?» ብለው በጠየቁ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ዜኖን የሚባለውን ጋዝ በሌዘር ብርሃን አዘጋጅተው በአይጥ ሳንባ ውስጥ ምስሉን አነሱ። ዜኖን ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚገኝ፣ ከሌላ ነገር ጋር በቀላሉ የማይዋሃድ ጋዝ ነው። ከሂሊየም ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሂሊየም 3ም በዚሁ መንገድ ለሰው ሳንባ ሲሠራበት ቆይቷል።

የሌዘሩ ሥራ ምንድን ነው? በተለመደው ኤም.አር.አይ ከአንድ ሚሊዮን ኢምንት ማግኔቶች ውስጥ ለምልክቱ ትርፍ የሚሆኑት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። የቀሩት ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ስለሚያዩ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ሁሉም ተማሪ በየፊናው ሲያወራ ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ጫጫታ ብቻ ነው፤ አንድ ላይ ሲዘምሩ ግን መንገድ ማዶ ይሰማል። ሌዘሩም በአንድ ብረት ትነት በኩል አድርጎ ብርሃኑን ለጋዙ አተሞች ያስተላልፍና አንድ ላይ እንዲዘምሩ ያደርጋቸዋል። ምልክታቸው በአስር ሺዎች እጥፍ ይጨምራል። ሕመምተኛው ያን ጋዝ አንድ ጊዜ ስቦ ለጥቂት ሰከንድ ትንፋሹን ይይዛል፤ አየር የገባበት የሳንባ ክፍል በምስሉ ላይ ይበራል፤ ያልገባበት ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከትዕግሥተኛ ፊዚክስ ወደ ሰው ሕይወት የሚሻገረው። አስም ያለበት ሰው ወደ ቱቦ ነፍቶ «ደህና ነህ» በሚባልበት ጊዜ እንኳ የዜኖን ምስሉ ላይ ጥቁር ጥቁር ቦታ ሊታይ ይችላል። ሌላም አለ፤ ዜኖን በሥጋና በደም ውስጥ ይሟሟል፤ በአየር ከረጢቱ ውስጥ፣ በቀጭኑ ግድግዳና በቀይ የደም ሴል ውስጥ ሲሆን የሚሰጠው የምልክት ድምፅ የተለያየ ነው። ስለዚህ አየሩ ገባ ወይስ አልገባም ብቻ ሳይሆን፣ ከገባ በኋላ ወደ ደም ተሻገረ ወይስ አልተሻገረም ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከኮቪድ በኋላ ይህ ጥያቄ ታላቅ ሆነ። በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድና የሼፊልድ ተመራማሪዎች በ2021 ባወጡት አነስተኛ ጥናት፣ ከኮቪድ የሳንባ ምች ከወራት በኋላ አሁንም ትንፋሽ የሚያጥራቸውን ሰዎች አዩ። የሲቲ ስካናቸው ከሞላ ጎደል ደህና ቢመስልም፣ ዜኖኑ ግን ጋዝ ወደ ደም የሚያልፍበት መንገድ እንደታወከ አሳየ።

«ምንም የለብህም፤ ምስልህ ንጹሕ ነው» ተብሎ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው ሰው የሚሰማውን ብቸኝነት አስቡት። ለእንዲህ ያለ ሰው ምስሉ መድኃኒት ባይሆንም ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ማብቂያ ላይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ዜኖን ለሳንባ ኤም.አር.አይ እንዲውል ፈቀደ፤ ፈቃዱ ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆችና ለአዋቂዎች ነበር።

ከመማሪያ መጽሐፉ የተለየው ግኝት

ይህን ሁሉ ያነበብኩት በአድናቆት ነው። ከወንበሬ ያስነሳኝ ግን ሌላ ጥናት ነበር።

ሳንባችን መጨረሻው ላይ አልቪዮላይ በሚባሉ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የተሞላ ነው። በአዋቂ ሰው በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ሁሉም ተዘርግተው ቢነጠፉ ወለላቸው ወደ 70 ካሬ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ የዘጠነኛ ክፍልን መማሪያ ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አስቡት። ኦክስጅን ወደ ደማችን የሚገባው በዚህ ወለል በኩል ነው። እኔ የተማርኩበት መጽሐፍ እነዚህ ከረጢቶች በመጀመሪያዎቹ ጥቂት የልጅነት ዓመታት ተሠርተው ያልቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያድጉት እንደ ፊኛ በመለጠጥ ነው ይል ነበር። እኔም ለዓመታት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ አገር የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 21 የሆኑ 109 ጤነኛ ልጆችና ወጣቶችን በሂሊየም 3 ኤም.አር.አይ መረመሩ። ዘዴው ቀላልና ብልህ ነው። ዓይኑ የታሰረ ልጅ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሄድ ወዲያው ግድግዳ ይመታዋል፤ በሜዳ ላይ ግን ርቆ ይሄዳል። የሂሊየም አተሞችም በከረጢቱ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ሲሉ ምን ያህል እንደራቁ ከታወቀ፣ የከረጢቱን ስፋት መገመት ይቻላል። ሲጋራ ግድግዳውን ያፈረሰበት ሳንባ ውስጥ አተሞቹ ርቀው የሚሄዱትም ለዚህ ነው።

መጽሐፉ ትክክል ቢሆን ኖሮ፣ ልጁ ሲያድግና ሳንባው ሲሰፋ ከረጢቶቹም በዚያው ልክ መስፋት ነበረባቸው። የተገኘው ግን የከረጢቶቹ ስፋት ብዙም እንዳልተለወጠ ነው። ሳንባው ሰፋ፤ ክፍሎቹ ግን እምብዛም አልሰፉም። እንግዲህ ቤት ሳይለጠጥ ሲተልቅ አንድ ነገር ብቻ ነው የሆነው፤ አዳዲስ ክፍሎች ተሠርተውበታል። ዘዴው ከረጢቶቹን አንድ በአንድ አይቆጥርም፤ ከስፋታቸው ተነስቶ ነው ቁጥራቸው ላይ የሚደርሰው። ቢሆንም መልእክቱ ግልጽ ነው፤ የአየር ከረጢት መሠራቱ በልጅነትና በጉርምስና ዕድሜ ሁሉ ይቀጥላል።

በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ዘገባ ደግሞ አንዲት ሴት በ33 ዓመቷ በካንሰር ምክንያት አንድ ሳንባዋ ከወጣ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በቀረው ሳንባ ውስጥ አዲስ እድገት መታየቱን ገለጸ። ለዚህም ከመረጃዎቹ አንዱ በዚሁ በሂሊየም የተነሣ ምስል ነበር። የአዋቂ ሳንባ እንኳ ፈጽሞ የተዘጋ መዝገብ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ባነበብኩ ማግስት በዕረፍት ሰዓት በረንዳ ላይ ቆሜ ልጆቹን አየኋቸው። ኳስ የሚጫወቱት፣ ገመድ የሚዘሉት፣ ጥግ ይዘው የሚያወሩት ሁሉ ሳንባቸው ገና በግንባታ ላይ ነው። ግንባታ ላይ ያለ ቤት ደግሞ የሚሠራበት አሸዋና ሲሚንቶ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠየቃል። የእነሱ አሸዋና ሲሚንቶ አየር ነው። እዚያው ሳለሁ ከበሩ ውጭ ሞተራቸውን ሳያጠፉ የቆሙ ሦስት መኪኖች ጭሳቸውን ወደ ግቢው ይለቁ ነበር።

«የሩቅ አገር ማሽን ለእኛ ምን ይሠራል?»

ይህን ነገር ለአንድ የማከብራቸው ወላጅ ባጫውታቸው፣ ሣቅ ብለው «አስተማሪ፣ እኛ እኮ የትምህርት ቤት ክፍያ ጨርሰን የቤት ኪራይ የሚቸግረን ሰዎች ነን። እዚህ ናይሮቢ ራጅ ለመነሳት ስንት እንደሚያስከፍሉ ያውቃሉ? ስለ ዜኖን የሚያወሩን ለማን ብለው ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። በወጉ መመለስ አለበት።

በአንድ ነገር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ለእኛ አካባቢ የመጀመሪያው ጉዳይ ኤም.አር.አይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በቲቢ ታመዋል፤ ወደ 1.25 ሚሊዮን የሚሆኑት ሞተዋል። ቲቢን ለማግኘት የአክታ ምርመራና ራጅ ይበቃሉ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ሰው የሚጠበቀው ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር እንጂ ስለ ማግኔት ማሰብ አይደለም። ማንም ይህን ጽሑፍ አንብቦ «ኤም.አር.አይ ካልተነሳሁ» ብሎ ሐኪሙን ቢያስቸግር እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

በሁለት ነገር ግን አልስማማም። አንደኛ፣ ማሽኑ ሩቅ ቢሆንም ያስተማረን ነገር ቅርብ ነው። መንገዱን ያየልን ሌላ ሰው ስለሆነ እኛ ትምህርቱን በነጻ ልንወስድ እንችላለን። የሌስተር ልጆች ሳንባና የእኛ ልጆች ሳንባ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ሥርዓት ነው። ሳንባ እስከ ጉርምስና ድረስ የሚሠራ ከሆነ፣ ጥንቃቄውም ለሕፃናት ብቻ ሳይሆን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይቀጥላል። ይህን ለማወቅ ሽልንግ አያስፈልግም።

ጥንቃቄው ፍሬ እንደሚያፈራም ማስረጃ አለ። በደቡብ ካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሦስት የተለያዩ ዘመናት የነበሩ ልጆችን ከ11 እስከ 15 ዓመታቸው ተከታትለው የትንፋሻቸውን ጉልበት ለክተዋል። በእነዚያ ዓመታት የአካባቢው አየር በሕግና በቁጥጥር እየጸዳ መጥቶ ነበር። በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በ15 ዓመታቸው የትንፋሽ ጉልበታቸው እጅግ ዝቅ ያለ ልጆች ድርሻ ከመጀመሪያው ቡድን 7.9 በመቶ ወደ መጨረሻው ቡድን 3.6 በመቶ ወርዷል። አየሩ ሲጸዳ የልጆቹ ሳንባ ተሻሽሎ አደገ። ይህ የተለካው በማግኔት ሳይሆን ወደ ቱቦ በመንፋት ነው፤ ከማግኔቱ ግኝት ጋር ሲነበብ ግን ነገሩ ይገጥማል።

ሁለተኛ የማልስማማበት፣ «ማሽን የሌላ ሰው ሥራ ነው» የሚለው ስሜት ነው። ከእኛ በአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ፣ በዩጋንዳ ምባራራ፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ሰዎች ከኔዘርላንድስና ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ አነስተኛ ኤም.አር.አይ እዚያው ገጣጥመው ሠርተዋል። ጉልበቱ 0.05 ቴስላ ገደማ ብቻ ነው። የተሠራው በብዙ ትንንሽ ቋሚ ማግኔቶች ስለሆነ እንደ ትልልቆቹ በፈሳሽ ሂሊየም መቀዝቀዝ አያስፈልገውም። ዓላማው ሳንባ አይደለም፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሳሽ የሚጠራቀምባቸውን ሕፃናት ለመርዳት ነው። ነገር ግን የማሽኑ ብሎን በየትኛው እጅ እንደተጠበቀ ስናይ ልጆቻችን ምን መሆን እንደሚችሉ ሌላ ሐሳብ ይመጣል።

ለሳንባም ቢሆን የማግኔት ጉልበት መቀነሱ የሚያስገርም ጥቅም አለው። ቀደም ብዬ በአየርና በሥጋ ወሰን ላይ መስኩ ይዛባል ያልኩት ችግር ማግኔቱ ሲደክም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች የአንድን 1.5 ቴስላ መሣሪያ ጉልበት ወደ 0.55 ዝቅ አድርገው የተሻለ የሳንባ ምስል እንደሚገኝ አሳይተዋል። ለዓመታት «ትልቅ ማግኔት ይሻላል» ሲባል ኖሮ ለሳንባ ግን አነስ ያለው ተመረጠ። አነስ ያለ ማለት ደግሞ ረከስ ያለ ሊሆን ይችላል። ይህ መንገድ አንድ ቀን ወደ እኛ ቢያመጣው አይገርመኝም።

ኪሴ ውስጥ የነበረው ቁልፍ

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ ልመለስ፤ የምጀምረውም ከራሴ ጥፋት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ የሰባተኛ ክፍል ልጅ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አስሙ ተነሣበት። በደንባችን መሠረት የተማሪ መድኃኒት ሁሉ፣ ኢንሄለርም ጭምር፣ ቢሮ ውስጥ ባለው ቁም ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል። በዚያ ቀን ተረኛው እኔ ነበርኩ፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ወደ መንገድ ማዶ ተሻግሬ ነበር። ስመለስ ልጁ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ እያለ፣ መናገር አቅቶት አገኘሁት። መድኃኒቱን ወስዶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተሻለው። እናቱ ማታ ደውለው አመሰገኑኝ። ምስጋናው እንቅልፍ ነሳኝ። የዜኖን ምስሎችን ባየሁ ቁጥር፣ እነዚያን ጥቁር ቦታዎች ባየሁ ቁጥር፣ ትዝ የሚለኝ ያ ደረጃ ነው።

ከዚህ ተነስቼ ለሚመጣው ዓመት አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ አስም ያለበትና አጠቃቀሙን የሚያውቅ ተማሪ በሐኪሙና በወላጁ ፈቃድ ኢንሄለሩን በኪሱ ይያዝ። ለትንንሾቹ ደግሞ መድኃኒቱ ያልተቆለፈ፣ የክፍሉ አስተማሪ እጁን ዘርግቶ የሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ልጆች ይቀልዱበታል የሚለው ሥጋት እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን መደበቅ ሳይሆን ማስተማር ነው። «ኢንሄለር ሱስ ያስይዛል» እያልን የምንነጋገርም ወላጆች አለን። ሱስ አያስይዝም። ልጅን የሚጎዳው መድኃኒቱን በሐኪም እንደታዘዘው አለመውሰዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 አስም ወደ 455,000 ሰዎችን ለሞት ዳርጓል፤ ተገቢው ሕክምና ቢደረስ ብዙዎቹን ማትረፍ ይቻል ነበር።

ሁለተኛ፣ በበራችን ላይ የቆመ መኪና ሞተሩን ያጥፋ። የግል መኪናም ይሁን የተማሪ ማመላለሻ። ሾፌሮቻችን ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ሞተር አስነስተው መጠበቅ ልማድ ሆኖባቸዋል፤ በመልካም ቃል ከተነገራቸው የሚቃወሙ አይመስለኝም። ነዳጅም ይቆጥቡበታል።

ሦስተኛ፣ ከግቢው ጀርባ ፕላስቲክና ወረቀት ማቃጠል ይቅር። ቆሻሻችንን ለሚሰበስቡ ሰዎች የምንከፍለው ገንዘብ ከበዓል ድግሳችን ወጪ አይበልጥም።

አራተኛው ከባዱ ነው። ቡናችን። በወላጆች ቀን መስኮቱ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ከሰል ምድጃ አንድ ላይ ሲነድ፣ በላዩ ላይ ዕጣን ሲጨስ፣ ሕፃናት ከፊት ተደርድረው ሲዘምሩ አይቻለሁ። እናቴም ጎጆ ውስጥ በእንጨት ጭስ እንጀራ ስትጋግር ነው ያሳደገችኝ፤ ዓይኗን እያበሰች «ጭሱ ለቤቱ ጥሩ ነው» ትል ነበር። ሳሏ ግን እስከ መጨረሻው አልተዋትም። በቤት ውስጥ ከሚነድ እንጨት፣ ከሰልና ነጭ ጋዝ የሚወጣ ጭስ በ2020 በዓለም ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ለሞት እንደዳረገ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። እኔ ቡና ይቅር አላልኩም፤ ቡና የማይፈላበት የወላጆች ቀን የእኛ አይመስለኝም። የምለው ምድጃው ወደ በረንዳ ይውጣ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ሕፃናቱ ከጭሱ ራቅ ብለው ይዘምሩ ነው። በስደት ስንኖር ልማዳችንን ጠብቀን ለልጆቻችን ማውረስ እንፈልጋለን። ልማዱን የሚወርሱት ልጆች ግን ሳንባም ያስፈልጋቸዋል።

ከእነዚህ ከአራቱ አንዱም ማግኔት አይጠይቅም። ገንዘብ የሚጠይቅ ቢኖር ቆሻሻው ብቻ ነው። የቀሩት የሚፈልጉት ስምምነት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ለዚያች ተማሪ። ጥያቄሽ ትክክል ነበር፤ የእኔ መልስ ነበር አጭር። አያትሽን ራጅና ሲቲ ስካን ያነሷቸው ሐኪሞች አላጠፉም፤ ዛሬም ለብዙ የሳንባ በሽታ ተመራጮቹ እነሱ ናቸው። ግን ሳንባ በማግኔት አይታይም ያልኩሽን ሰርዢው። ይታያል፤ አየሩ እንዲዘምር ካደረጉት ይታያል። ፊዚክሱ ከከበደሽ አትሽሺ፤ በምባራራ ማግኔት የገጣጠሙትም አንድ ቀን እንደ አንቺ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው እጃቸውን አውጥተው ይሆናል። በሚመጣው ዓመት አሥረኛ ክፍል ስትገቢ ያን ጥያቄ ለመላው ክፍል እንደገና ጠይቂኝ። በዚያ ቀን ደወሉ ቢደወልም አልቸኩልም።